የሮማ ሕዝብ፦ አመጣጡ፣ ባህሉና እምነቱ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጥናት በአውሮፓ ምድር ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ የኖረውን፣ ዳሩ ግን እስከ ዛሬ በብዙ ስፍራ እንደ እንግዳ የሚቈጠረውን የሮማን ሕዝብ ይመለከታል። «ሮማ» የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸውን የሮሜ ሰዎች፣ ወይም የሐዋርያት መቃብር የሚገኝባትን ከተማ እናስብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ሕዝብ ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ አይደለም። ከሮማንያ አገር ስም ጋርም መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው። በራሳቸው ቋንቋ «ሮም» ማለት ሰው፣ በተለይም ባል ማለት ሲሆን «ሮማ» ብዙ ቍጥሩ ነው። ሚስት «ሮምኒ» ትባላለች፤ ቋንቋቸውም «ሮማኒ» ይባላል።

ስለዚህ ሕዝብ መማር ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሄዱ ወገኖቻችን ከሮማ ሰዎች ጋር በየመንገዱና በየትምህርት ቤቱ ይገናኛሉ። እዚህ ያለነውም ብንሆን በፊልምና በልብ ወለድ አማካይነት መዳፍ አንባቢ፣ ሌባ፣ ወይም ሥራ ፈት ዘዋሪ ተደርገው ሲሳሉ አይተናል። ሳንመረምር የተቀበልነው ወሬ በባልንጀራችን ላይ የሚነገር የሐሰት ምስክርነት ሊሆን ስለሚችል፣ እውነቱን መማር የስምንተኛው ትእዛዝ ግዴታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

1. ሌሎች ያወጡላቸው ስሞች

እንግሊዞች «ጂፕሲ»፣ እስፓኞች ደግሞ «ኺታኖ» ይሏቸዋል። ሁለቱም ስሞች «ግብጻዊ» ከሚለው ቃል የመጡ ናቸው። ይህ የሆነው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ አውሮፓ የደረሱት ጭፍሮች «ከትንሹ ግብጽ መጣን» ይሉ ስለነበር ነው። በግሪክ አገር ሞዶን በተባለችው የወደብ ከተማ አጠገብ ብዙ የሮማ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ በዚህ ስም ይታወቅ ነበር። የሰማው ሕዝብ ግን የፈርዖን አገር ሰዎች መሰሉት፤ ስሕተቱም በስማቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ጀርመኖች «ጺጎይነር»፣ ፈረንሳዮች «ጺጋን»፣ ኢጣሊያውያን «ዚንጋሮ» የሚሉት ደግሞ «አትሲንጋኖይ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ነው። ይህ ስም ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን ይጸየፍ ከነበረ አንድ የመናፍቃን ወገን ስም ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። እነዚህ ስሞች ለብዙ ዘመን ስድብ ሆነው ስላገለገሉ፣ በ1971 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በለንደን አቅራቢያ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የዓለም ሮማ ጉባኤ «ሮማ» የሚለው ስም እንዲሠራበት ወሰነ። በዚሁ ጉባኤ ሰንደቅ ዓላማቸው ጸደቀ፤ ሰማያዊው ሰማይን፣ አረንጓዴው ምድርን ያመለክታል፤ በመካከሉም ቀይ መንኰራኵር አለ። ኤፕሪል 8 ቀን ዛሬ ዓለም አቀፍ የሮማ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ሁሉም ግን በአንድ ስም አይጠሩም። በጀርመን የሚኖሩት «ሲንቲ»፣ በፈረንሳይ «ማኑሽ»፣ በእስፓኝ «ካሌ» የተባሉት ወገኖች የየራሳቸውን ስም ይመርጣሉ። ስለሆነም በጀርመን አገር «ሲንቲና ሮማ» ተብሎ በአንድነት መጥራት የተለመደ ነው።

2. የቋንቋ ምስክርነት

የሮማ አበው የጻፉት የታሪክ መጽሐፍ የለም። ከየት እንደመጡ ያስታወቀን ቋንቋቸው ነው። በ1782 ዓ.ም. ሩዲገር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የሮማኒን ቋንቋ ከሕንድ ቋንቋዎች ጋር አስተያይቶ ዝምድናቸውን በጽሑፍ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሊቃውንትም ይህንኑ አጽንተውታል።

ማስረጃው ለማንም ሰው ግልጽ ነው። የሮማኒ ተናጋሪ ከአንድ እስከ አምስት ሲቈጥር «የክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንጅ» ይላል። የሕንዲ ተናጋሪ ደግሞ «ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች» ይላል። ውኃ በሁለቱም ቋንቋ «ፓኒ» ነው። አፍንጫ በሮማኒ «ናኽ»፣ በሕንዲ «ናክ» ይባላል። እንደነዚህ ያሉ የሰውነት፣ የቤተ ሰብና የዕለት ኑሮ ቃላት ከሌላ ሕዝብ በቀላሉ የሚወሰዱ አይደሉም።

በሌላ በኩል በጕዞ ላይ የተገኙ ቃላት አሉ። በእኛ ቋንቋ «ማኪና» እና «ፋብሪካ» የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያውያን ጋር መገናኘታችንን እንደሚመሰክሩ፣ በሮማኒ ውስጥ የሚገኙት የውጭ ቃላትም ሕዝቡ ያለፈበትን መንገድ ይመሰክራሉ። ዕድል ማለት የሆነው «ባኽት» ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው። ፈረስ ማለት የሆነው «ግራስት» ከአርመን የተወረሰ ነው። መንገድ ማለት የሆነው «ድሮም» እና ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ የሚሉት «ኤፍታ፣ ኦኽቶ፣ ኤንያ» ደግሞ ከግሪክ የተወሰዱ ናቸው። እንግዲህ ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ተነሥተው በፋርስና በአርመን በኩል ወደ ግሪኮች ግዛት፣ ከዚያም ወደ ባልካን አገሮች መድረሳቸውን ከዚህ እንረዳለን። የግሪክ ቃላቱ ብዛትም በዚያ ግዛት ረዥም ዘመን መቀመጣቸውን ያስረዳል።

በ2012 ዓ.ም. በአሥራ ሦስት የሮማ ወገኖች ላይ የተደረገ የዘር ውርስ ጥናትም ይህንኑ ደገፈ። በጥናቱ መሠረት አባቶቻቸው ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ የወጡት ከዛሬ 1,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለ መውጣታቸው ምክንያት የሊቃውንት አሳብ አንድ አይደለም፤ ከፊሎቹ ወታደሮች ነበሩ ሲሉ፣ ሌሎች ሙዚቀኞችና የእጅ ሠራተኞች ነበሩ ይላሉ።

3. ወደ አውሮፓ መግባታቸው

በ1322 ዓ.ም. ወደ ቅድስት አገር ይጓዝ የነበረ ሲሞን የተባለ የአየርላንድ ፍራንቸስካዊ መነኵሴ በቀርጤስ ደሴት በድንኳንና በዋሻ የሚኖሩ፣ በአንድ ቦታ ከአንድ ወር በላይ የማይቈዩ ሰዎችን ማየቱን ጽፏል። ሊቃውንት እነዚህ ሰዎች የሮማ ወገኖች እንደነበሩ ይገምታሉ።

በ1417 ዓ.ም. ሮማውያኑ በጀርመን ከተሞች ታዩ። መሪዎቻቸው የንጉሠ ነገሥት ሲጊስሙንድን የይለፍ ደብዳቤ ይዘው ነበር። በ1422 ዓ.ም. ኢጣሊያ፣ በ1427 ዓ.ም. ፓሪስ ደረሱ። አባቶቻቸው ክርስትናን ስለካዱ ለንስሐ ሰባት ዓመት እንዲዞሩ መታዘዛቸውን ይናገሩ ነበር። የዚያ ዘመን ክርስቲያን ተሳላሚን መቀበል እንደ ትልቅ ምጽዋት ይቈጥር ስለነበር ከተሞቹ በመጀመሪያ ምግብና ማደሪያ ሰጧቸው። የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛም በ1425 ዓ.ም. የይለፍ ደብዳቤ ሰጣቸው።

ይህ አቀባበል ብዙ አልቈየም። ጕዞው እንደማያበቃ ባዩ ጊዜ ቸርነቱ ወደ ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬው ወደ አዋጅ ተለወጠ። በ1499 ዓ.ም. የእስፓኝ ነገሥታት ቋሚ መኖሪያና ጌታ እንዲይዙ፣ አለዚያ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። በሌሎች አገሮችም የሚያባርሩ፣ የሚያስገርፉ፣ አልፎም በሞት የሚቀጡ ሕጎች ወጡ። ጥላቻውን ለማጽደቅም ተረት ተፈጠረ። ከፊሉ ሕዝብ የቃየን ዘር ናቸው አለ። ከፊሉ ደግሞ ጌታችን የተቸነከረበትን ችንካር የሠሩት አንጥረኞች እነርሱ ስለሆኑ ለመንከራተት ተረግመዋል አለ። ጌታችን በተሰቀለበት ዘመን የሮማ አባቶች ገና በሕንድ ነበሩና ይህ ተረት ሐሰት መሆኑ ግልጽ ነው።

4. የመከራ ዘመናት

ዛሬ ሮማንያ በተባለችው አገር፣ በቀድሞዎቹ የዋላኪያና የሞልዳቪያ መሳፍንት ግዛቶች፣ የሮማ ሕዝብ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል በባርነት ኖሯል። በ1385 ዓ.ም. የተጻፈ የዋላኪያ ሰነድ የሮማ ቤተ ሰቦች ለገዳም በስጦታ መሰጠታቸውን ይገልጻል። ባሮቹ የመስፍኑ፣ የመኳንንቱ፣ ወይም የገዳማቱ ንብረት ነበሩ፤ ይሸጡ፣ ይለወጡ፣ በጥሎሽም ይሰጡ ነበር። ባርነቱ በሞልዳቪያ በ1855 ዓ.ም.፣ በዋላኪያ በ1856 ዓ.ም. ፈጽሞ ተሻረ። መስቀል የተተከለበት ገዳም ሰውን እንደ ንብረት መያዙን ስናነብ ማዘናችን ተገቢ ነው።

በእስፓኝም በ1749 ዓ.ም. ጁላይ 30 ቀን በንጉሡ ትእዛዝ ዘጠኝ ሺህ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ኺታኖዎች በአንድ ጊዜ ተያዙ። ወንዶቹ ወደ መርከብ ሠሪ የጦር ሰፈሮች፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። አሳቡ ባልና ሚስትን ለያይቶ ዘራቸውን ማጥፋት ነበር። በኦስትሪያና በሀንጋሪ ደግሞ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከ1758 እስከ 1773 ዓ.ም. ባወጣቻቸው ትእዛዞች ስማቸውን፣ ቋንቋቸውንና እርስ በርስ መጋባታቸውን ከለከለች። ልጆቻቸውም ተወስደው በገበሬዎች ቤት እንዲያድጉ አዘዘች።

ከሁሉ የከፋው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደረሰባቸው እልቂት ነው። የናዚ መንግሥትና ተባባሪዎቹ የገደሏቸው ሮማና ሲንቲ ከ200 ሺህ እስከ 500 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ወደ አውሽቪትስ ብቻ 23,000 ያህል ተወስደው አብዛኞቹ በዚያ አለቁ። በኦገስት 2 ቀን 1944 ዓ.ም. ሌሊት በዚያ የቀሩት ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች፣ በብዛት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ በጋዝ ተገደሉ። የአውሮፓ ፓርላማ በ2015 ዓ.ም. ይህ ቀን የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን ደግፏል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ታሪክ እንጨምር። በደቡብ ጀርመን ሙልፊንገን በተባለች መንደር በቅዱስ ዮሴፍ ስም የተሰየመ ካቶሊካዊ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ወላጆቻቸው የተወሰዱባቸው የሲንቲ ልጆች በዚያ ተሰብስበው ነበር። አንዲት የዘር ተመራማሪ ልጆቹን ለዶክትሬት ጽሑፏ እስክትመረምራቸው ድረስ ቈዩ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ፣ በሜይ 1944 ዓ.ም.፣ 39 ልጆች ከዚያ ቤት ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱ። ከእነዚህም በሕይወት የተረፉት 4 ብቻ ነበሩ። ዳዊት የሚደግሙና ጸሎት የሚያደርሱ ሰዎች ባሉበት ቤት እንኳ ሕፃናቱን የሚሰውር እጅ አልተገኘም።

ከጦርነቱ በኋላም ፍትሕ ዘገየ። የጀርመን መንግሥት የደረሰባቸው ነገር በዘር ምክንያት የተፈጸመ እልቂት መሆኑን በይፋ የተቀበለው በ1982 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በቼክ ሪፐብሊክ የሮማ ልጆች አእምሯቸው ደካማ ለሆነ ተማሪዎች ወደ ተዘጋጁ ትምህርት ቤቶች ያለ አግባብ መላካቸው አድልዎ ነው ሲል ፈረደ። ዛሬ በአውሮፓ የሚኖሩት የሮማ ሰዎች ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነርሱም አብዛኞቹ ቋሚ ቤት ያላቸው ናቸው፤ በሠረገላና በተሽከርካሪ ቤት የሚዘዋወሩት ጥቂቶች ናቸው።

5. ኑሮአቸውና ባህላቸው

የሮማ ባህል ከአገር አገር ስለሚለያይ ቀጥሎ የምንጽፈው ሁሉ ለሁሉም እኩል እንደሚሠራ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ሀ) ሙያ። ብዙዎቹ ወገኖች በአባቶቻቸው ሙያ ይጠራሉ። «ካልዴራሽ» የመዳብ ድስትና ጋን ሠሪዎች ናቸው፤ «ሎቫሪ» የፈረስ ነጋዴዎች፣ «ኡርሳሪ» ድብ አሠልጥነው የሚያሳዩ፣ «ላውታሪ» ሙዚቀኞች ናቸው። መዘዋወራቸውም ከሙያው ጋር የተያያዘ ነበር፤ አንድ መንደር የሚጠገን ድስት ሲያልቅበት አንጥረኛው ወደ ሌላው መንደር መሄድ ነበረበት።

ለ) ንጽሕና። በብዙዎቹ ዘንድ «ማሪሜ» የሚባል የርኵሰትና የንጽሕና ሥርዓት አለ። የሰውነት ላይኛው ክፍል ንጹሕ፣ ከወገብ በታች ያለው ርኩስ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ የላይና የታች ልብስ በአንድ ዕቃ አይታጠብም፤ የምግብ ዕቃ የሚታጠብበትም ለብቻው ነው። የወለደች እናት ለተወሰኑ ሳምንታት ከምግብ ሥራ ትለያለች። የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 12 ያነበበ፣ የእኛንም አገር የአራስ ቤት ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን እንደ እንግዳ ነገር አያየውም። ቆሻሾች ናቸው የሚለው ወሬም ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚጋጭ ነው።

ሐ) ዳኝነት። በተለይ በካልዴራሽና በሎቫሪ ዘንድ ጠብ ሲነሣ «ክሪስ» የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ ይቀመጣል። ሁለቱም ወገኖች ይናገራሉ፤ ሽማግሌዎች ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ካሳ ይፈርዳሉ። ከባዱ ቅጣት ከማኅበሩ መለየት ነው። የተለየ ሰው ከማንም ጋር አብሮ አይበላም። የእኛ አገር ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያበርዱ ያየ ሰው የዚህን ሸንጎ ክብደት በቀላሉ ይረዳዋል።

መ) ቤተ ሰብና ጋብቻ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድነት መኖራቸው፣ ሽማግሌን ማክበራቸውና ሕፃናትን መውደዳቸው የታወቀ ነው። ሠርጉ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ታላቅ በዓል ሲሆን፣ በአንዳንድ ወገኖች የሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ከሙሽራው ወገን ገንዘብ ይቀበላል። በአንዳንድ ስፍራ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው መዳር ይታያል፤ ይህንንም የራሳቸው የሮማ ሴቶች ማኅበራት ይቃወሙታል።

ሠ) የሙታን መታሰቢያ። በሮማንያና በአካባቢዋ ባሉት ዘንድ «ፖማና» የሚባል የሙታን መታሰቢያ ማዕድ አለ። ሰው ከሞተ በኋላ በተወሰኑ ቀናት፣ ደግሞም በስድስት ሳምንት፣ በስድስት ወርና በዓመት ማዕድ ይዘጋጃል፤ በሟቹም ስም ምግብና ልብስ ይሰጣል። ይህ ከአርባ፣ ከሙት ዓመትና ከተዝካር ሥርዓታችን ጋር እጅግ ይቀራረባል። በፈረንሳይ ማኑሽ ዘንድ ደግሞ የሟቹ ዕቃ ይቃጠላል፤ ስሙንም በከንቱ መጥራት ነውር ነው።

ረ) ሙዚቃ። በሀንጋሪ የቫዮሊን ጓዶች፣ በእስፓኝ የአንዳሉሲያ ፍላሜንኮ፣ በባልካን የነሐስ መለከት ጓዶች የሮማ ሙዚቀኞች እጅ ያለባቸው ናቸው። በ1910 ዓ.ም. በቤልጅግ የተወለደው የማኑሽ ተወላጅ ጃንጎ ራይንሃርት በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ቢጐዱበትም፣ በቀሩት ጣቶቹ ጊታርን በአዲስ ስልት ተጫውቶ በመላው ዓለም ታወቀ።

6. እምነታቸው

የሮማ ሰዎች ከሕንድ ይዘውት የመጡት ሃይማኖት እንደ ሥርዓት አልቀረም፤ በቃላቸው ውስጥ ግን አሻራው አለ። እግዚአብሔርን «ዴቬል» ወይም «ዴል» ይሉታል፤ ይህም በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ አምላክ ከሚለው «ዴቫ» የወጣ ነው። ካህንን «ራሻይ» ይሉታል፤ ይህም «ሪሺ» ማለትም ጥበበኛ ባሕታዊ ከሚለው ነው። መስቀልን «ትሩሹል» ይሉታል፤ ቃሉ በሕንድ ሦስት ጥርስ ያለው የጣዖት በትር ስም ነበር። አሁን ግን የጌታችን መስቀል መጠሪያ ሆነ። ወንጌል ወደ አንድ ሕዝብ ሲገባ ያለውን ቃል ወስዶ በአዲስ ትርጕም እንደሚያከብረው ከዚህ እንማራለን።

በሃይማኖት ረገድ በሚኖሩበት አገር ያለውን ይከተላሉ። በእስፓኝ፣ በሀንጋሪና በስሎቫኪያ ብዙዎቹ ካቶሊካውያን፣ በሮማንያና በሰርቢያ ኦርቶዶክሳውያን፣ በቱርክና በከፊል ባልካን ሙስሊሞች ናቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከፈረንሳይ የተነሣው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴም በመካከላቸው በሰፊው ተስፋፍቷል። በባልካን ሜይ 6 ቀን የሚውለው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል «ኤደርሌዚ» እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በግ አርዶ፣ ቤቱን በለምለም ቅጠል አስጊጦ የሚያከብረው ነው።

ታላቁ መንፈሳዊ ጕዟቸው በደቡብ ፈረንሳይ በባሕር ዳር ወዳለችው ቅድስት ማርያሞች ወደምትባል ከተማ የሚደረገው ነው። በየዓመቱ ሜይ 24 ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የሚገኘውን የሣራን ጥቍር ምስል ተሸክመው እስከ ባሕሩ ውኃ ይሄዳሉ። በማግሥቱ የያዕቆብ እናት ማርያምና የሰሎሜ ማርያም በዓል ይከበራል። ትውፊቱ ሣራን የእነርሱ አገልጋይ፣ አንዳንዴም ግብጻዊት ያደርጋታል። ቤተ ክርስቲያን ሣራን በይፋ ከቅዱሳን መዝገብ ባታስገባትም፣ ካህናት ከሕዝቡ ጋር በዚህ ጕዞ ይሳተፋሉ።

ከዚህ ሕዝብ መካከል በመጀመሪያ ብፁዕ የተባለው ሴፈሪኖ ሂሜኔስ ማያ ነው። በ1861 ዓ.ም. በእስፓኝ ተወልዶ በባርባስትሮ ከተማ የበቅሎ ነጋዴ ሆኖ ኖረ። ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ዘወትር ቅዳሴ ያስቀድስ፣ ልጆችንም ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያስተምር ነበር። አንድ ጊዜ የተሰረቀ እንስሳ ገዛህ ተብሎ ቢታሰርም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በ1936 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ አንድን ካህን ሲጐትቱ አይቶ ስለተከላከለለት ታሰረ፤ በኪሱም መቍጠሪያ ተገኘ። መቍጠሪያውን ቢተው እንደሚድን ወዳጆቹ መከሩት፤ እርሱ ግን አልተወም። በኦገስት ወር መቍጠሪያውን በእጁ እንደያዘ በጥይት ተገደለ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በሜይ 4 ቀን 1997 ዓ.ም. ብፁዕ ብለው አወጁት። ከእርሱ ጋር በዚያው ቀን የከተማው ጳጳስ ብፁዕ ፍሎረንቲኖ አሴንሲዮ ታወጁ።

ሁለተኛዪቱ ቅርጫት እየሠራች ትኖር የነበረችው ብፅዕት ኤሚሊያ ፈርናንዴስ ናት። በዚያው ጦርነት በአልሜሪያ ታስራ ሳለ ከእስረኞች መቍጠሪያ መድገምን ተማረች። ማን እንዳስተማራት ብትናገር እንደምትፈታ ቃል ቢገባላትም አስተማሪዋን አልገለጠችም። በ1939 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ልጅ ወልዳ በዚያው ሞተች። በ2017 ዓ.ም. ከአልሜሪያ ሰማዕታት ጋር ብፅዕት ተባለች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህች ሴት የሞተችው መምህሯን ላለማስያዝ መሆኑን አስተውሉ።

7. የቤተ ክርስቲያን ድምፅ

ቅዱስ ጳውሎስ 6ኛ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1965 ዓ.ም. በሮም አቅራቢያ በፖሜዚያ የሰፈሩትን የሮማ ተሳላሚዎች ሄደው ጐበኙ። በዚያም በቤተ ክርስቲያን ዳርቻ ሳይሆን በልቧ ውስጥ መሆናቸውን ነገሯቸው። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የይቅርታ ቀን ጸሎትም በደካማ ወገኖች፣ በስደተኞችና በእነዚህ ሕዝቦች ላይ ክርስቲያኖች ስላሳዩት ጥላቻ ንስሐ ተገባ። በ2005 ዓ.ም. ቅድስት መንበር ለእነርሱ የሚሰጠውን ሐዋርያዊ አገልግሎት የሚመራ ሰነድ አወጣች። በ2011 ዓ.ም. በነዲክቶስ 16ኛ የሮማ ተወካዮችን በቫቲካን ተቀበሉ።

በጁን 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ፍራንቸስኮስ በሮማንያ በብላይ ከተማ የሮማን ማኅበር ጐብኝተው፣ ስለ ደረሰባቸው መናቅና በደል በቤተ ክርስቲያን ስም ይቅርታ ለመኑ። ክርስቲያኖች እነርሱን በአቤል ዓይን ሳይሆን በቃየን ዓይን ማየታቸውንም ጠቀሱ። ለዘመናት የቃየን ዘር ተብሎ ለተሰደበ ሕዝብ ይህ ቃል ታላቅ ትርጕም አለው፤ ቃየን የሆነው ወንድሙን የጠላው እንጂ የተጠላው አይደለምና።

8. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በአገራችን በብዙ ስፍራ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው «ቡዳ» እየተባሉ ሲሸሹ ኖረዋል። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ የሚያርስ ገበሬ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም፤ በሸክላዋ ወጥ የምትሠራ እመቤት ሸክላ ሠሪዋን በማዕዷ አታስቀምጥም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ልብን አልለወጠም። በአውሮፓ አንጥረኛው ችንካር ሠሪ ተባለ፤ በእኛ ዘንድ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም በእጁ ሥራ እየተጠቀሙበት ሰውዬውን መናቅ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ከዚህ የተለየ ያስተምራሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የናቁት በእጅ ሥራው ምክንያት ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር እስራኤልን በግብጽ እንግዶች ነበራችሁና እንግዳውን ውደዱ ብሎ ያዛል። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በክፍሉ ካሉት ሕፃናት አንዱ በአባቱ ሙያ ሲሰደብ ሰምቶ ዝም ካለ፣ ያስተማረው ትምህርት በዚያች ሰዓት ፈርሷል። በቍርባን ሰልፍ ከቀጥቃጩ ጎን ቆሞ በሠርግ ቤት ከእርሱ ጋር አልቀመጥም የሚል ምእመንም የተቀበለውን አላስተዋለም። ስለዚህ በየቁምስናችን ከስድብ ስሞች ማንኛቸው እንደሚነገሩ እንመርምር፤ በቤታችንም በልጆቻችን ፊት ከአፋችን እናስወግዳቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሮማ ሕዝብ ከሕንድ መምጣቱን የሚያስረዱ ማስረጃዎች ምንድን ናቸው?
2. በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው እንግዳ ተቀባይነት ለምን ወደ ጥላቻ ተለወጠ? በእኛስ ቁምስና አዲስ መጪ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዴት ይታያል?
3. በአካባቢያችን በሙያቸው ወይም በትውልዳቸው የሚናቁ ወገኖች እነማን ናቸው? በቁምስናው ምክር ቤት፣ በመዘምራንና በትምህርተ ክርስቶስ አገልግሎት ውስጥ ስንቶቹ ይገኛሉ?
4. ብፁዕ ሴፈሪኖ ማንበብ ሳይችል ልጆችን ያስተምር ነበር። ይህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ምን ያስተምራል?